ቫኒላ፦ ለምን ይወደዳል፣ ለምንስ በየሱቁ በርካሽ ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ2018 ከማዳጋስካር የሚወጣ አንድ ኪሎ ግራም የተዘጋጀ የቫኒላ ፍሬ በዓለም ገበያ ወደ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያ ወቅት የአንድ ኪሎ ግራም ብር፣ የማዕድኑ ማለት ነው፣ ዋጋ እንኳ ከዚህ ያንስ ነበር። ይሁንና በዚያው ዓመት ኬክ የሚጋግር ማንኛውም ሰው ሱቅ ገብቶ ከቤኪንግ ፓውደሩ ጎን የተደረደረውን ትንሽ የቫኒላ ፓኬት ዋጋ ሳይከራከር ይገዛ ነበር። ከቅመማ ቅመም ሁሉ በውድነቱ ከሳፍሮን ቀጥሎ የሚጠራ ነገር በዚህ ዋጋ እንዴት ሊገኝ ቻለ? አጭሩ መልስ፣ በሁለቱ ቦታ የተሸጠው ነገር በስም እንጂ በምንጭ አንድ አይደለም የሚል ነው። ረዘም ያለው መልስ ግን ከአበባው ባሕርይ ይነሳል፤ የዋጋው መዋዠቅም፣ የፋብሪካው ምትክም፣ የገበሬው የሌሊት ጥበቃም ተከታትለው የመጡት ይህ ተክል ከትውልድ ቦታው ውጭ ያለ ሰው እጅ ፍሬ የማይሰጥ በመሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫኒላ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ቫኒላ ሐረግ ነው። የትውልድ ቦታው ከደቡብ ምሥራቅ ሜክሲኮ ተነስቶ ወደ መካከለኛው አሜሪካ የሚዘልቀው ሞቃትና እርጥበታማ ደን ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቫኒላ ፕላኒፎሊያ ይባላል። ግንዱ አረንጓዴ፣ ወፍራምና ውኃ የቋጠረ ነው፤ በየቅጠሉ መነሻ ትይዩ የሚወጡት ሥሮቹ የዛፍ ቅርፊት ጨብጠው ስለሚይዙ ከ15 ሜትር በላይ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል። ዛፉን ግን አይመጠውም፤ ዛፉ ለሐረጉ መደገፊያና ጥላ እንጂ ምግብ አይደለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቫኒላ ከኦርኪድ ቤተሰብ መሆኑን ነው። ኦርኪዶች ከ25,000 በላይ ዝርያዎች ያሏቸው፣ በአብዛኛው ለአበባቸው ውበት ሲባል የሚተከሉ ዕፅዋት ናቸው፤ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለምግብ ማጣፈጫ ተብሎ በሰፊው የሚለማው የቫኒላ ወገን ብቻ ነው። ወገኑ ራሱ ከ100 በላይ ዝርያዎች ቢኖሩትም በገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ፕላኒፎሊያ ሲሆን፣ በጥቂቱ ደግሞ በታሂቲ የሚለማው ዲቃላ ዝርያ አለ።

ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ በቂ ዝናብ፣ በከፊል የሚያርፍ ጥላ፣ ከማበቡ በፊት ደግሞ ሁለት ወር ያህል ዝናብ የሚቀንስበት ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሟሉት ከምድር ወገብ እምብዛም የማይርቁ ቆላማ አካባቢዎች ናቸው፤ ከማዳጋስካር ሌላ ኢንዶኔዥያ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ኮሞሮስ፣ ሜክሲኮና በእኛ አቅራቢያ ኡጋንዳ ቫኒላ ከሚያመርቱት አገሮች መካከል ናቸው።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ፣ ዛሬ ቬራክሩዝ በሚባለው ግዛት የሚኖሩት የቶቶናክ ሕዝቦች ፍሬውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በማዕከላዊ ሜክሲኮ ኃያል መንግሥት የነበራቸው አዝቴኮች ካስገበሯቸው በኋላ ቫኒላ የመኳንንቱ የካካዎ መጠጥ ማጣፈጫ ሆነ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ምድሪቱን ሲወርሩ ካካዎውንም ቫኒላውንም ይዘው ወደ አውሮፓ ተሻገሩ።

ከሜክሲኮ ውጭ ፍሬ አልሰጥ ያለው ለምን ነበር?

ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሜክሲኮ የዓለም ብቸኛ አቅራቢ ልትባል የምትችል ሆና ቆየች። ይህ የሆነው ተክሉን ማንም እንዳይወስደው ስለከለከለች አልነበረም። ቫኒላ ቁራጭ ግንዱን መሬት በማስያዝ በቀላሉ ስለሚባዛ አውሮፓውያን ወስደው ተክለውታል፤ በለንደንና በፓሪስ የመስታወት ቤቶች ውስጥ ሳይቀር ለምልሟል፣ አብቧልም። ያልሰጠው ፍሬ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት የአበባውን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ አበባ ፍሬ እንዲይዝ ከወንዴው ክፍል የሚወጣው ብናኝ ወደ ሴቴው ክፍል መድረስ አለበት፤ ይህ ሂደት ርክበ ብናኝ ይባላል። በቫኒላ ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ግን ስስ ሽፋን ተጋርዷል፤ ብናኙም በነፋስ የሚበን ዱቄት ሳይሆን እርስ በርሱ የተጣበቀ ስለሆነ በራሱ ሽፋኑን አልፎ መሄድ አይችልም። በዚህ ላይ አበባው የሚቆየው ለአንድ ማለዳ ብቻ ነው። ሲነጋ ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ብናኙን የሚያሻግርለት ካላገኘ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል።

በትውልድ ደኑ ይህን ሥራ የሚሠሩለት ንቦች ናቸው። የትኞቹ ንቦች እንደሆኑ ሲጠየቅ ለረጅም ጊዜ ይሰጥ የነበረው መልስ ሜሊፖና የተባሉት፣ መንደፊያ የሌላቸው ንቦች ናቸው የሚል ነበር፤ ብዙ ጽሑፎች አሁንም እንደ እርግጠኛ ነገር ይደግሙታል። በኋላ በመስክ የተደረጉ ምልከታዎች ግን ይበልጥ የሚያመለክቱት የኦርኪድ ንቦች ወደሚባሉት፣ ገላቸው እንደ ብረት ወደሚያብረቀርቀው ሌላ ወገን ነው። ያም ሆነ ይህ ሥራው ለንቦቹም ቀላል አይደለም፤ በጫካ ውስጥ ከመቶ የቫኒላ አበባዎች ፍሬ የሚይዙት አንድ ወይም ጥቂት ብቻ ናቸው። እነዚህ ንቦች በሌሉበት በፓሪስም ሆነ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሐረጉ መካን ሆኖ መቅረቱ እንግዲህ የሚያስደንቅ አልነበረም።

በ1836 ሻርል ሞረን የተባለ ቤልጂየማዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በሊዬዥ ከተማ አበባውን በእጅ በማዳቀል ፍሬ ማግኘት ችሎ ነበር። ነገሩ የሚቻል መሆኑን አሳየ፤ ዘዴው ግን ለእርሻ የሚመች ሆኖ አልተገኘም።

ታዲያ መፍትሔውን ማን አገኘው?

ያገኘው በባርነት የተያዘ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ስሙ ኤድሞን ይባላል፤ የተወለደው በ1829፣ በዚያን ጊዜ ቡርቦን ትባል በነበረችውና ዛሬ ሬዩኒየን በምትባለው፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ በምትገኘው የፈረንሳይ ደሴት ነበር። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞተች። የእርሻው ጌታ ፌሬኦል ቤሊዬ ቦሞን ዕፅዋት መመርመር የሚወድ ሰው ስለነበር ልጁን በየአትክልቱ አብሮት ያዞረው ነበር፤ የወንዴና የሴቴ አበባን ለይቶ የሐብሐብ አበባ በእጅ እንዴት እንደሚዳቀልም አሳይቶታል።

በ1841 አንድ ቀን ጌታው ሃያ ዓመት ያህል ያለ ፍሬ በኖረው የቫኒላ ሐረጉ ላይ ሁለት ፍሬዎች ተንጠልጥለው አየ። ኤድሞን እኔ ነኝ ያዳቀልኳቸው ሲል ለማመን ተቸግሮ ነበር፤ ልጁ ግን ደግሞ አሳየው። የአበባውን ከንፈር በጣቱ ይገልጣል፤ በሌላው እጁ በያዘው ስስ የቀርከሃ ስንጥር በወንዴውና በሴቴው መካከል ያለውን ሽፋን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳል፤ ከዚያም ብናኙን በአውራ ጣቱ ወደ ሴቴው ክፍል ይጫነዋል። የሚፈጀው ጊዜ በሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። ጎረቤት ባለ እርሻዎች ወሬውን ሲሰሙ ልጁ ከእርሻ እርሻ እየተወሰደ ሌሎች ባሪያዎችን እንዲያስተምር ተደረገ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሜክሲኮን አልፈዋት ሄዱ።

በ1848 በፈረንሳይ ግዛቶች ባርነት ሲቀር ኤድሞን ነጻ ወጣ፣ አልቢየስ የሚል የቤተሰብ ስምም ተሰጠው። ከዚህ ያለፈ ጥቅም ግን አላገኘም። አንድ ታዋቂ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ባለሙያ ዘዴውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብሎ ሲነሳ የቀድሞ ጌታው በደብዳቤ ተከራክሮለታል። ኤድሞን በስርቆት ተከሶ በታሰረ ጊዜም ለደሴቲቱ የዋለው ውለታ ተቆጥሮለት ከፍርዱ ጊዜ በፊት ተፈቷል። በ1880 በድህነት ሞተ። ዛሬ በማዳጋስካር፣ በኡጋንዳም ሆነ በራሷ በሜክሲኮ ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ እሱ ያሳየው ነው፤ በመቶ ሰማንያ ዓመታት ውስጥ የተሻለ ማሽን አልተገኘለትም።

ስለዚች ደሴት ከተነሳ አይቀር ለቡና አገር አንባቢ አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። ቫኒላው ከመድረሱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ1715 ፈረንሳውያን ከየመን ያመጡትን ቡና ተክለው ያባዙት በዚህችው ቡርቦን ላይ ነበር። የቡናው መነሻ የኢትዮጵያ ደኖች መሆናቸው የታወቀ ነው። ዛሬ በሩዋንዳና በቡሩንዲ በብዛት የሚታወቀው የቡርቦን ቡና ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው፤ በመለያ ወረቀት ላይ የሚነበበው የቡርቦን ቫኒላም ከአሜሪካው ውስኪ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ በእነዚሁ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የበቀለ ማለት ብቻ ነው።

ከአበባው በኋላስ ምን ይደረጋል?

በማዳጋስካር ሰሜን ምሥራቅ፣ ሳቫ በሚባለው አካባቢ፣ በሳምባቫ፣ በአንታላሃ፣ በአንዳፓና በቮሄማር ዙሪያ ያሉ አነስተኛ ገበሬዎች ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው ቫኒላ ትልቁን ድርሻ ያመርታሉ። ቁራጭ ግንዱ ከተተከለ ለማበብ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ገበሬው ሐረጉ ከዛፉ ጫፍ እንዳይደርስ እየጠመዘዘ ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ይህም አበባው እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ እንዲሆን ያደርጋል፣ ማበቡንም ያፋጥናል። በአበባ ወቅት፣ ማለትም በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ቤተሰቡ በየማለዳው በእርሻው ይዞራል፤ የለመደ ሰው በአንድ ማለዳ ከአንድ ሺህ በላይ አበባ ማዳቀል ይችላል። በአንድ ዘለላ ላይ ያሉት አበባዎች ሁሉ ግን አይዳቀሉም፣ ሐረጉ እንዳይደክም የተወሰኑት ይተዋሉ። አንድ ኪሎ ግራም የተዘጋጀ ቫኒላ ለማግኘት 600 ያህል አበባዎች አንድ በአንድ በእጅ መነካት አለባቸው።

ፍሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ እስኪበስል ግን ወደ ዘጠኝ ወር መጠበቅ አለበት። የሚገርመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲለቀም ምንም የቫኒላ ሽታ የሌለው መሆኑ ነው። ጥሬ ቡና ተቆልቶ ጭሱ ቤቱን እስኪሞላ ድረስ የቡና መዓዛ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ አረንጓዴው የቫኒላ ፍሬም መዓዛውን አምቆ የያዘ እንጂ የሚሸት አይደለም። ልዩነቱ ቡናን እሳት በደቂቃዎች ውስጥ የሚለውጠው ሲሆን ቫኒላን የሚለውጠው የራሱ ኢንዛይም፣ ማለትም በፍሬው ውስጥ ያለ ለውጥ አፋጣኝ ንጥረ ነገር መሆኑ፣ ጊዜውም ወራት መሆኑ ነው።

የመዓዛው ዋና ንጥረ ነገር ቫኒሊን ይባላል። በአረንጓዴው ፍሬ ውስጥ ቫኒሊን ከስኳር ጋር ተያይዞ ስለሚገኝ አይተንም፣ ስለዚህም አይሸትም። አዘጋጆቹ ፍሬውን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ይነክሩታል፤ ይህ የፍሬውን እድገት ያስቆማል፣ ሕዋሳቱን በመሰንጠቅም ኢንዛይሙና ስኳር የያዘው ቫኒሊን እንዲገናኙ ያደርጋል። ቀጥሎ ትኩሱን በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልለው በሳጥን ውስጥ ያልቡታል፤ ኢንዛይሙ ስኳሩን ከቫኒሊኑ የሚለየው፣ ፍሬውም ወደ ጥቁር ቡናማ የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ለሳምንታት በየቀኑ ለጥቂት ሰዓታት ፀሐይ ይመታል፣ ተመልሶ ይጠቀለላል፤ ቀጥሎ በጥላ ይደርቃል፤ በመጨረሻም በሳጥን ታሽጎ ለወራት ያርፋል። እርጥበቱ ከበዛ ይሻግታል፣ ከደረቀ ይሰባበራል፤ ስለዚህ አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ፍሬ በጣታቸው እያሹ፣ በአፍንጫቸው እየፈተኑ ይለዩታል። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ግራም አረንጓዴ ፍሬ አንድ ኪሎ ግራም ብቻ ይወጣዋል። በዚያ ኪሎ ውስጥ ያለው ቫኒሊን ደግሞ ከ2 በመቶ እምብዛም አይበልጥም፤ ቀሪውን የመዓዛ ጥልቀት የሚሰጡት በጥቂት መጠን የሚገኙ ከ200 በላይ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው።

በፓኬት የምንገዛው ታዲያ ምንድን ነው?

በአብዛኛው ቫኒሊን ብቻውን ነው። በ1858 ኒኮላ ቴዎዶር ጎብሌ የተባለ ፈረንሳዊ የመድኃኒት ቀማሚ ቫኒሊንን ከፍሬው ንጹሕ አድርጎ ለየ፤ በ1874 ደግሞ ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ከጥድ መሰል ዛፎች ከሚገኝ ንጥረ ነገር ሠሩት። በኋላ ከቅርንፉድ ዘይት፣ ቀጥሎም ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት ይሠራ ጀመር፤ ዛሬ የሚበዛው ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ጓያኮል ከተባለ ጥሬ ዕቃ ይመረታል። በዓለም ላይ ከሚበላው የቫኒላ ጣዕም ከፍሬው የሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ቀሪውን ፋብሪካ ይሸፍነዋል። አይስክሬሙ፣ ብስኩቱ፣ ቸኮሌቱ፣ ሽቶው ሁሉ በፍሬው ይሠራ ቢባል የዓለም ሐረግ ሁሉ አይበቃም።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች አሉ። አንደኛው ከፋብሪካ የወጣው ቫኒሊን ከተፈጥሮው የተለየ ባዕድ ነገር ነው የሚለው ነው። የቫኒሊን ሞለኪውል ከፍሬውም ይውጣ ከነዳጅ ዘይት አሠራሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከፍሬው የሚወጣው ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ይሁንና ምንጩን መለየት ይቻላል። ቤተ ሙከራዎች በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉትን የካርቦን ዓይነቶች ምጣኔ በመለካት ካርቦኑ ከቫኒላ ሐረግ፣ ከሌላ ተክል ወይም ከነዳጅ ዘይት መምጣቱን ያውቃሉ፤ በዚህም የተጭበረበረ ምርት ይያዛል። በፓኬት ውስጥ አንዳንዴ የሚጨመረው ኤቲል ቫኒሊን ግን ሌላ ነገር ነው፤ በፍሬው ውስጥ የማይገኝ፣ ከቫኒሊን ሦስት እጥፍ ያህል የጠነከረ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ነው።

ሁለተኛው በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን በየጊዜው የሚመላለሰው፣ ቫኒላ የሚሠራው ቢቨር ከተባለው የውኃ ዳር እንስሳ ጅራት ሥር ከሚገኝ እጢ ነው የሚለው ወሬ ነው። ካስቶሪየም የሚባል የእንስሳው ፈሳሽ መኖሩ፣ በሽቶ ሥራም ማገልገሉ፣ ቀድሞ በጥቂቱ ለምግብ ማጣፈጫነት መዋሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከእንስሳው የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ሆኖ ዋጋውም ውድ ስለሆነ፣ በጥቂት ዶላር ኪሎው የሚገኘውን የፋብሪካ ቫኒሊን ትቶ እሱን የሚጨምር አምራች ትርፉን የሚጠላ መሆን አለበት።

ዋጋው ለምን እንዲህ ይዋዥቃል?

ዜናው ሁልጊዜ የሚናገረው ስለ አውሎ ነፋስ ነው። ሚያዝያ 2000 ሁዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን ምሥራቅ ማዳጋስካርን መታ፤ ዋጋው ከዓመት ዓመት እየወጣ በ2003 ወደ 500 ዶላር ተጠጋ። መጋቢት 2017 ኤናዎ የተባለው በአንታላሃ አቅራቢያ ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ኪሎው 600 ዶላር ደረሰ። አውሎ ነፋሱ ሰብሉን እንደሚያጠፋ አያከራክርም፤ ዋጋውን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚያወናጭፈው ዋና ምክንያት ግን በመተከልና በማፍራት መካከል ያለው የሦስት ዓመት ርቀት ነው።

ዋጋ ሲወጣ የሳቫ ገበሬ ብቻ ሳይሆን የኡጋንዳውም የኢንዶኔዥያውም ይተክላል። ሁሉም በአንድ ሰሞን የተከለው ሁሉ በአንድ ሰሞን ያፈራል። በዚያ መካከል ውድነቱን መሸከም ያቃታቸው የምግብ ፋብሪካዎች ወደ ሰው ሠራሹ ቫኒሊን ዞረዋል። ምርት በዝቶ ገዢ ሲያንስ ዋጋው ይፈርሳል፤ ከ2003ቱ ጣሪያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ50 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ ገበሬው ሐረጉን ይተወዋል፣ ወይም ነቅሎ ሩዝ ይዘራበታል፤ ቀጣዩ እጥረት የሚጠነሰሰው በዚህ ርካሽ ዘመን ነው። በ2015 ታላላቅ የምግብ ኩባንያዎች ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ እናስወግዳለን ብለው በተከታታይ ሲያስታውቁ ፍላጎቱ ድንገት ዘለለ፤ ኤናዎ የደረሰው ገበያው አስቀድሞ ተወጥሮ ሳለ ነው።

የማዳጋስካር መንግሥት ይህን ለማርገብ በ2020 ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቫኒላ ከ250 ዶላር በታች እንዳይሸጥ ወሰነ። ገዢዎች ግን በዚያ ዋጋ ለመግዛት አልተጣደፉም፤ ክምችት በየመጋዘኑ ቆየ፣ ከተወሰነው ዋጋ በታች በስውር የሚደረግ ሽያጭም ተስፋፋ። በ2023 ገደቡ ሲነሳ ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ወረደ።

ዋጋ መውጣት ለገበሬው ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ፍሬው ለዘጠኝ ወር በሐረጉ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ ሌባ የሚጠብቀውን ያውቃል። በውድ ዘመን የሳቫ ገበሬዎች ፍሬው ሊበስል ሲቃረብ በእርሻቸው ያድራሉ፤ ሌቦችን በደቦ የመቅጣት ድርጊትም ሕይወት እስከ መጥፋት አድርሷል። ብዙዎች አረንጓዴውን ፍሬ በመርፌ እየወጉ የስማቸውን ፊደል ወይም የራሳቸውን የነጥብ ምልክት ያትሙበታል፤ ጠባሳው ፍሬው ከጠቆረ በኋላም ስለማይጠፋ በገበያ ላይ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሌላው መከላከያ ቀድሞ መልቀም ነው፤ እሱ ግን ጥራቱን ይገድላል። ያልበሰለ ፍሬ ቫኒሊን የሚሆነው ንጥረ ነገር ገና አልተጠራቀመበትም፤ ቢዘጋጅም ቀጭንና መዓዛው የደከመ ይሆናል። መንግሥት በየአካባቢው ለቀማው የሚጀመርበትን ቀን የሚያውጀው ለዚህ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ገበሬው በአብዛኛው የሚሸጠው አረንጓዴውን ፍሬ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዋጋ ሰብሳቢው፣ አዘጋጁና ላኪው ይካፈሉታል።

ሐረጉ ራሱስ ምን ያሰጋዋል?

ቫኒላ ከዘር ሳይሆን ከቁራጭ ግንድ ስለሚባዛ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ያሉት ሐረጎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመጡ ጥቂት ግንዶች የወረዱ፣ በዘረ መል ተመሳሳይ ለመባል የተቃረቡ ናቸው። አንዱን የሚገድል በሽታ ሌላውንም አይምርም። በተለይ ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስ ሥሩን አበስብሶ በብዙ አገሮች እርሻዎችን አጥፍቷል። አርቢዎች በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ሲፈልጉ የሚመለከቱት በዱር ወደሚገኙት ዘመዶቹ ነው፤ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ያለው የዱር ፕላኒፎሊያ ግን ደኑ እየተመነጠረ በመሄዱ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

የሚገዛ ሰው ምን ይመልከት?

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ቫኒላ ኤክስትራክት ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ በሊትር 100 ግራም ያህል የቫኒላ ፍሬ የተዘፈዘፈበትና ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ያለው መሆን አለበት፤ ኢሚቴሽን የሚል ቃል ካለበት የፋብሪካ ቫኒሊን ነው። አልኮል የማይጠቀሙ ሰዎች ይህን አውቀው ዱቄቱን ወይም በግሊሰሪን የተዘጋጀውን ይመርጣሉ። ተፈጥሯዊ ጣዕም የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ግን ፍሬው አለበት ማለት አይደለም፤ ከሩዝ ፉርሽካ ከሚወጣ ንጥረ ነገር በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት የተመረተ ቫኒሊንም በዚህ ስም ሊሸጥ ይችላል። በአይስክሬም ውስጥ የሚታዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችም ማስረጃ አይሆኑም፣ አንዳንድ ጊዜ መዓዛው ተመጥጦ ካለቀ በኋላ የተረፉ ዘሮች ናቸውና።

ለኬክና ለብስኩት የፓኬቱ ቫኒላ አያሳፍርም፤ የምድጃው ሙቀት የፍሬውን ስስ መዓዛዎች ስለሚያባርራቸው ልዩነቱን በጣዕም የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በክሬም፣ በአይስክሬምና እምብዛም በማይፈላ የወተት ጣፋጭ ነው። ፍሬውን የሚገዛ ሰው ሲጠመዘዝ የማይሰበር፣ ለስላሳና ወዛም የሆነውን ይምረጥ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳያስገባ በተዘጋ ብርጭቆ ያስቀምጠው፤ ዘሩን ፍቆ ከተጠቀመበት በኋላም ልጣጩን አድርቆ በስኳር ዕቃ ውስጥ ቢቀብረው ስኳሩ በአንድ ሁለት ሳምንት መዓዛውን ይቀበላል።